ይብሰል ያልኩት ዓይን

ክሪስታል፣ ሚኒሶታ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ባየሽ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ክረምቱ እንዴት አደረገው? እኔ ደህና ነኝ፤ ለእርስዎ ጤና ከመጸለይ በቀር የሚያሳስበኝ የለም።

ወረቀት የያዝኩት ስልክ ላይ እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ነው። ባለፈው የግቢዎ ልጅ ሊዲያ ስልኳን ጆሮዎ ላይ ይዛልዎት ስጮህ፣ እዚህ ያሉት ጎረቤቶቼ የተጣላሁ መስሏቸው በሬን አንኳኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሽመና መኪና ጎን የቆመ ጆሮ ስልክ ባይሰማ አይፈረድበትም። በቴሌግራም እንዳልጽፍ ደግሞ የሊዲያ ስልክ የግቢው ሁሉ ስልክ ነው። ልጅቷ ደግ ናት፤ ግን የጻፍኩት ነገር እርስዎ ጋ ሳይደርስ ቧንቧው ጋ ይወራል።

ሥራ ቀየርኩ። የአረጋውያኑን ቤት ተውኩት። አሁን ሜዲካል ገብቻለሁ። ፍሪድሊ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ንጽሕናው ያስገርማል። ስንገባ እጃችንን እንታጠባለን፣ ነጭ ጋውን እንለብሳለን፣ ፀጉራችንን እንሸፍናለን፣ አፋችንን እንጋርዳለን። ሹክሪያ የምትባል የወሎ ልጅ አብራኝ ትሠራለች፤ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ይህን አብሬ የላክሁልዎትን ፎቶ ያነሳችኝ እሷ ናት። ከዓይኔ በቀር የሚታይ የለም፤ እኔ መሆኔን በቅንድቤ ይለዩኛል።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ ማሚት


አቃቂ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማሚት፤

ወላዲተ አምላክ በገባሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ፎቶውን ይዤ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪም ሆንሽልኝ! «ሜዲካል» ያልሽውን ለሊዲያ ባሳያት «ሕክምና ማለት ነው» አለችኝ። ለነገሩ ፎቶው ራሱ ይናገራል። መማርሽን አልነገርሽኝም ነበር፤ እስኪሳካልሽ ደብቀሽኝ ነው አይደል? የነርስነቱን ፈተና ወድቀሽ የመጣሽ ዕለት ያለቀስኩትን አልረሳሽም ማለት ነው። ያን ዕለት ማልቀሴ ዛሬ ያሳፍረኛል። በልጅ ላይ ተስፋ አይቆረጥም።

ትዝ ይልሻል ምን እልሽ እንደነበር? ከፋብሪካ ስመጣ ከኋላዬ ቆመሽ ከፀጉሬ ውስጥ ጥጥ ስትለቅሚልኝ፣ «ማሚት፣ የፈለግሽውን ሁኚ፤ ፋብሪካ ብቻ አትግቢ» እልሽ ነበር። አባትሽ፣ ወንድሜ፣ አደራ ብሎኝ ሲሞት አንቺ አራት ዓመትሽ ነው። ያን ሁሉ ጥጥ የዋጥኩት ለዚህች ቀን ነው።

ፎቶውን ፎቶ ቤት ወስጄ አስተለቅኩት፤ መስታወት አስገብቼ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ጎን ሰቀልኩት። የዕድራችን ሰብሳቢ አይታው ሄዳ፣ በማግሥቱ የወገቧን ራጅ ይዛ መጣች። «ማሚት ምን ትላለች?» ትላለች። ከሷ በኋላ ሌሎች ሁለት መጥተዋል። እኔም «ልጄ ሥራ ይበዛባታል፣ እጽፍላታለሁ» እያልኩ ኮራ ብዬ እሸኛቸዋለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው ትቀድጃለሽ እንዴ? አፍሽን የጋረድሽው ለዚያ መሰለኝ።

ገንዘብ እንዳትልኪልኝ። ጡረታዬ ይበቃኛል። ስምሽ ሲጠራ መስማት ደግሞ፣ በዚህ ጆሮዬም ቢሆን፣ ይበቃኛል።

የምትወድሽ አክስትሽ
ባየሽ


ክሪስታል
የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ባየሽ፤

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዛ፣ በረዶውም በዛ፤ መኪናዬም ሁለት ሳምንት አልነሳ ብላ አስቸገረችኝ።

ሰው እንኳ አልቀድድም። እኔ የምሠራው ለቀዶ ጥገና የሚሆነውን ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። ሲጽፉት ቀላል አይደለም፤ ስንገናኝ በሰፊው አጫውትዎታለሁ።

የዕድሩ ሰብሳቢ ራጃቸውን እዚያው ላነሳቸው ሐኪም ቢያሳዩ ይሻላል። ከሩቅ ሆኖ መናገር ጥሩ አይደለም። ሌሎቹንም እንዲያ ይበሏቸው። ፎቶውን ደግሞ፣ እትዬ፣ ባይሰቅሉት ደስ ይለኛል። ፊቴም በወጉ አይታይበትም። ሌላ የተሻለ እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ ማሚት


አቃቂ
ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማሚት፤

ትንሣኤውን እንዴት ዋልሽ? ፈጣሪ ለሚመጣው በሰላም ያድርስሽ፣ ለኔም ያቆይሽ።

ፎቶውን አላወርድም። ትሕትናሽን ከአባትሽ ወስደሽ ነው፤ እሱም ሲያመሰግኑት ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። ማይክሮስኮፑን ሊዲያ ትምህርት ቤት አይታዋለች። ደም የሚታይበት ነው ብላ አስረዳችኝ። እንግዲህ የሰው ደም እያየሽ በሽታውን የምትለዪ አንቺ ነሽ።

አሁን የምጽፍልሽ ለራሴ ጉዳይ ነው። የቀኝ ዓይኔ በጎን በኩል እየጨለመ መጣ። ፊት ለፊት አያለሁ፤ ከጎን የሚመጣውን ግን አላይም። ሁለት ጊዜ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨሁ፤ የግቢው ልጆች እትዬ ባየሽ ጠጥታለች ብለው ሳቁብኝ። መንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ጢሙ ገና ያልጠና ሐኪም በመብራት አየኝና «እናቴ፣ ግፊት ነው» አለኝ። «ማን ገፍቶኝ?» ብለው ሳቀ። የዓይን ግፊት የሚባል አለ አሉ። ጠብታ ሰጠኝ፤ ጠብታው ብቻውን አይበቃም፣ ሰኔ 24 ቀን ትቀደጃለሽ ብሎ ቀጠረኝ።

እኔም «ሐኪም ልጅ አለችኝ፤ እሷን ሳልጠይቅ ዓይኔን ምላጭ አላስነካም» አልኩት። እሱም ካርዴ ላይ ጻፈ። ማሚት፣ እንደምታውቂው ምላጭ እፈራለሁ። ግን አንቺ ተቀደጂ ካልሽኝ እቀደዳለሁ፤ ቆዪ ካልሽኝ እቆያለሁ። ያንቺን ቃል ነው የምጠብቀው። ቀጠሮው ሳያልፍ አድርሺልኝ።

አክስትሽ
ባየሽ


ክሪስታል
ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ባየሽ፤

ምሕረቱን ያውርድልዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዳራርቱ የምትባል የሥራ ጓደኛዬ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር በእጇ እልካለሁ።

ስለ ዓይንዎ ሰው ጠይቄያለሁ፣ እኔም አስቤበታለሁ። አይቸኩሉ። የዓይን ነገር ሳይበስል ሲነካ ነው የሚበላሸው። የሹክሪያ እናት ሁለት ዓመት ጠብቀው፣ ሲበስል ተነሥቶላቸው፣ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። የእርስዎም ይብሰል። ጠብታውን ያድርጉ፣ ፀሐይ አይዩ፣ ካሮት ይብሉ። ወጣት ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ይወዳሉ፤ እጃቸውን ማፍታታት ይፈልጋሉ።

ምላጭ እንደሚፈሩ ስለማውቅ እኔም ልቤ አልፈቀደም። ይረጋጉ።

ልጅዎ ማሚት


አቃቂ
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማሚት፤

አዲሱን ዓመት የጤና፣ የዕድገት፣ የሥልጣን ያድርግልሽ። መስመሩ ቢጠምብኝ አትፍረጂብኝ፤ ሊዲያ በማስመሪያ አስምራልኝ ነው የምጽፈው፤ ቢሆንም መስመሩ ካጠገቤ ይጠፋል።

ቃልሽ ለቀጠሮዬ ደርሶልኛል። ሰኔ 24 ሄጄ ለዚያ ልጅ ሐኪም ደብዳቤሽን አሳየሁት። አንብቦ ፊቱ ቀላ። «እናቴ፣ ግፊት ሙዝ አይደለም፤ አይበስልም» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ያንተ ትምህርት ቤት ከአሜሪካው ይበልጣል? ልጄ በማይክሮስኮፕ ነው የምታየው፤ አንተ ባትሪ ነው የያዝከው» ብዬ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ተቆጣሁት። ከኋላዬ የነበሩ ሁለት ሴቶችም «እውነትሽን ነው፣ ይብሰል» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሱ ቀጠሮዬን ሳይሰርዝ «ሐሳብዎን ከቀየሩ በማንኛውም ቀን ይምጡ» አለኝ። እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ።

ጠብታው ሐምሌ ላይ አለቀ። ሌላ ብፈልግ ጠፋ፤ እየበሰለ ስለሆነ ብዬ ተውኩት። አሁን በቀኙ ከብርሃን በቀር ብዙም አላይበትም፤ ግራውም የቀኙን መንገድ ጀምሯል። መብሰሉ ይሄ ነው? የሚበስለው በምን ይታወቃል? ይህን ብቻ ንገሪኝ፣ ቀኑን አውቄ እንድዘጋጅ።

የዕድሩ ሴቶች «ማሚት ምን አለች?» ይሉኛል። ይብሰል ብላለች እላለሁ።

ባየሽ


ክሪስታል
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። ይህ ወረቀት እጅዎ የገባ ዕለት፣ ካልሆነም በማግሥቱ፣ ወደዚያ ወጣት ሐኪም ይመለሱ። ያለዎትን ሁሉ ያድርጉ። እሱ ትክክል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሐኪም አይደለሁም። ነርስም አይደለሁም። የምሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ለሆስፒታል የሚሆን ዕቃ ይሠራል፤ እዚህ ያለን ሰዎች ይህን «ሜዲካል» እንለዋለን። «የት ገባሽ?» ሲሉን «ሜዲካል» እንላለን፤ ማንም ሐኪም ሆነች ብሎ አይሰማውም። እኔ የማጣብቀው እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለውን ቀለበት ነው። በማይክሮስኮፕ የማየው ሙጫ ነው እንጂ ደም አይደለም። ጋውኑ ቱቦው ላይ ፀጉራችን እንዳይወድቅ ነው።

ስጽፍልዎት ላታልልዎ አልነበረም። «ሐኪም ሆንሽልኝ» የሚለው ሲደርሰኝ ግን ያኔውኑ ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። ደስታዎን ማፍረስ አልፈለግሁም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከፀጉርዎ ጥጥ እየለቀምኩ አትግቢ ያሉኝ ቦታ ገባሁ ማለት አሳፈረኝ። ደግሞም ሐኪም መባሉን ወደድኩት። ይህንን መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ!

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይሉ ነበር። የኔ እያደር ከበደ። ስለ ዓይንዎ ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት ነበር የሚገባኝ። እኔ ግን ሐኪም ዝም አይልም ብዬ ከሹክሪያ የሰማሁትን ጻፍኩ። ባለፈው ሰኞ በምሳ ዕረፍት ላይ «የአክስቴ ዓይን እስካሁን አልበሰለም» አልኳት።

«ሞራው?» አለችኝ።

«ሞራ አይደለም፤ ግፊት ነው።»

ዳቦዋን አስቀመጠች። «ማሚት፣ ግፊት እኮ ዌይት አይደረግም። የኔ እናት ሞራ ነው፣ እሱን ዌይት አድርጉ ብለዋቸዋል። ግፊት ግን ነርቩን ነው ዳሜጅ የሚያደርገው፤ የሄደው አይመለስም። ማነው ይብሰል ያላቸው?»

«እኔ» ማለት አቃተኝ። «እዚያ ያለ ሰው ነው» አልኳት። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሳልጽፍልዎት ሥራ ገብቻለሁ፣ ወጥቻለሁ።

የአፌን መቆለፊያ የከፈተልኝ ነገር ትናንት የሆነው ነው። ፋብሪካው የተመሠረተበትን ቀን ሲያከብር ድሮ የሠሩ ሴቶችን ጠርቶ ነበር። በኮሪደሩ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ አለ፤ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ተደርድረው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ ፋብሪካው ያኔ ይሠራው የነበረውን የራዲዮ ሽቦ ሲበይዱ። በእነሱ አቆጣጠር 1951 ይላል። ከሠላሳዎቹ በሕይወት ያለችው አንዷ ማርሊስ ትባላለች፤ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው። ኬክ ሳቀርብላት አጠገቤ ተቀመጪ አለችኝ።

የገበሬ ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሀዲድ የሚሄድ የከተማ ባቡር ነበር፤ ከሦስት ልጃገረዶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በሱ ትመላለስ ነበር። እጇ ፈጣን ስለነበር ሁለት ወንዶች የሚሠሩትን ትሠራለች፤ የሚከፈላት ግን ከአንዱ ያነሰ። አግብታ ስትፀንስ አሰናበቷት። ይህን ሁሉ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እናቷ ግን ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ የሆነች ይመስላቸው ነበር። እርሻው አካባቢ ፋብሪካ የገባች ልጅ ስሟ ይጠፋ ስለነበር፣ ለገና ስትመለስ የጣቶቿን ጥቁረት በሎሚ ትፈትግ ነበር። አንድ ገና እናትየዋ ለቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ጽሑፍ ሰጧትና «በጽሕፈት መኪና ጻፊልኝ» አሏት። ማርሊስ በመኪና መጻፍ አትችልም። ለሌላ ልጅ ከፍላ አስጻፈችና ይዛ ሄደች። እናትየዋ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳዩ ኖረው ሞቱ። ማርሊስ እዚህ ላይ መሳቋን አቆመች። «እስከ ዛሬ ያ ወረቀት ያሳፍረኛል» አለችኝ።

እኔ ያስቀመጥኩት ወረቀት ዓይንዎ ላይ ነው። በሊዲያ ስልክ ብልከው አሁኑኑ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ግን ልጅቷ አንብባው፣ ግቢው አውርቶት፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ስቃበት፣ እርስዎ መጨረሻ እንዲሰሙ አልፈልግም። ቂርቆስ የሚባል ሾፌር ጎረቤቴ ረቡዕ ይበራል። ለማንም ሳያሳይ በእጅዎ ይሰጥዎታል። አምስት ቀን ብቻ ነው።

ማሚት

ጥቅምት 20። ቂርቆስ አልሄደም። የፓስፖርቱ ቀን አልፎ ኖሯል። በሚቀጥለው ሳምንት ይላል። ፖስታ ቤት ብሰጠው ከዚያ ይዘገያል ብዬ ያዝኩት።

ኅዳር 4። አሁንም እዚህ ነው። ዛሬ ለሊዲያ «እትዬ ነገውኑ ሆስፒታል ይሂዱ» ብዬ ጻፍኩ። «ይብሰል ብለው አልነበረም እንዴ?» ትለኛለች ብዬ ሳልልከው አጠፋሁት።

ኅዳር 17። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ። አንድ መስመር ነበር።

ኅዳር 25። ነገ ይበራል።


አቃቂ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማሚት፤

እኔ እናገራለሁ፣ ሊዲያ ትጽፋለች። ዛሬ ምርቃት አልወጣልሽ ብሎኛል።

ቂርቆስ በታኅሣሥ መጀመሪያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ «በእጅዎ እንድሰጥ ተብያለሁ» ብሎ በእጄ ሰጠኝ። በር ላይ ወጥቼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ነጭ ነው። መነጽሬን ጠረግሁ፣ አራቅሁት፣ አቀረብኩት። ፊደል የሚባል የለም። ሊዲያን ጠራኋት።

ጆሮዬን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቤት ውስጥ ብታነብልኝ አልሰማ አልኩ። ግቢው መሀል ወጥተን እኔ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ጆሮዬ ላይ ቆማ ጮኸች። «ሐኪም አይደለሁም» የምትለዋን ሁለቴ አስደገምኳት፤ ጆሮዬ ነው የተሳሳተው ብዬ። ሴቶቹ ቧንቧውን ዘግተው ቆሙ። «ለማንም ሳያሳይ» የሚለውን ስታነብ የዕድሩ ሰብሳቢ ሳትቀር መጥታ ነበር። ይብሰል ያልሽው ጋ ስትደርስ ልጅቷ አዝና ድምፅዋን ቀነሰች። «ጮክ በይ» አልኳት። ሁሉንም ሰማሁ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ያ ሐኪም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኙ አልቆለታል አለ። ግራውን ታኅሣሥ 17 ቀን ሠራው። ያለው እንዲቆይ ነው እንጂ የሄደው አይመለስም። የሰው ጥላ አያለሁ፣ የቡና ሲኒ እለያለሁ፤ ፊደል አላይም። «ጥቅምት ላይ መጥቼ ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት። «ግራው ያነብ ነበር» አለኝ። እንድታውቂው ነው የምነግርሽ። ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔዋ ልጅ በእውነት አወጣችው።

ወረፋ ላይ ይብሰል ብለው የሄዱት ሁለት ሴቶችስ? ስማቸውን አላውቅም። ሐኪሙንም ጠየቅሁት፤ አልተመለሱም አለ። ይኼ ዕዳ የኔና ያንቺ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። አፈርኩ ትያለሽ። በምን? በፋብሪካ? ታዲያ እኔ ማን ነኝ? የበላሽው፣ የለበስሽው፣ የተማርሽበት የፋብሪካ ነው። እኔ ፊት ቆመሽ «እንደ አንቺ መሆን አሳፈረኝ» ማለትሽ እኮ ነው! እዚህ ላይ ሊዲያ ቆም ብላለች፤ ጻፊው ብያታለሁ።

ቆይቼ ሳስበው ደግሞ፣ አትግቢ እያልኩ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። የምጠብቅሽ መስሎኝ ሥራዬን አስናቅሁሽ። ከሽመና መኪናዬ ጎን የተነሣሁት ፎቶ አለኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አራት መኪና ብቻዬን የምይዝበት ጊዜ። አንድም ቀን ሰቅዬው አላውቅም። አልጋ ሥር ነው ያለው። እኔም አፍሬ ኖሯል።

እስቲ እንደ ሠራተኛ ልጠይቅሽ። ቆማችሁ ነው ተቀምጣችሁ የምትሠሩት? ጩኸት አለው? ሽንት ቤት ስትሄጂ ታስፈቅጃለሽ? ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ማየት ዓይን ይጎዳል፤ ያሳርፏችኋል?

ሴቶቹ ዓይኔን ሲጠይቁኝ «እርጅና ነው» እላለሁ። የሰሙትን ሰምተዋል፤ እኔ ግን እንዲያ እላለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት ገና ነኝ። የሆነልኝ ዕለት እነግርሻለሁ። ይህን ሊዲያ በስልኳ ነው የምትልክልሽ፤ ከእንግዲህ የምንደብቀው የለም።

ባየሽ


ክሪስታል
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊዲያ፤ ይህን ቧንቧው ጋ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ግቢው መሀል ቆመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የትም ላይ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።

እትዬ ባየሽ፤

ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ጩኸት የለውም፤ አየር ማጣሪያው ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ሽንት ቤት አናስፈቅድም። ግን ጋውኑን አውልቆ፣ ታጥቦ፣ መልሶ ለመልበስ አሥር ደቂቃ ስለሚፈጅ ብዙዎቻችን ይዘን እንቆያለን። በየሁለት ሰዓቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያሳርፉናል። ዓይኔ ማታ ማታ ይቆጠቁጠኛል። ሥራዬን እችላለሁ። ከመስመራችን ሁሉ የኔ ቱቦ ነው በፍተሻ ሳይመለስ የሚያልፈው። ይህን የምነግርለት ሰው ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ለግቢው ሰዎችና ለዕድሩ ሰብሳቢ፤ እኔ ማሚት የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። የእትዬ ዓይን እርጅና አይደለም። ሐኪም ሳልሆን ይብሰል ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው እንዳልል፣ እንደማላውቅ አውቅ ነበር። ስህተቴን ካወቅሁ በኋላም እናንተ እንዳትስቁብኝ ብዬ ሰባት ሳምንት ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ግራ ዓይናቸው ማንበብ ያቃተው በዚያ ሰባት ሳምንት ነው። ከእናንተ ውስጥ በኔ ቃል ሐኪም ያልሄደ ካለ ዛሬውኑ ይሂድ። ያን ቀን ወረፋ ላይ የነበሩትን ሁለት ሴቶች የምታውቁ ካላችሁ በመድኃኔ ዓለም ፈልጉልኝ።

እትዬ፤ ይቅር ይበሉኝ አልልም። እስኪሆንልዎ እጠብቃለሁ።

ሊዲያ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ እትዬ የሚሉትን ጻፊልኝ። ዝም ካሉም፣ ዝም አሉ ብለሽ ጻፊልኝ።

ማሚት